ራንሰምዌር የቤታችንን ኮምፒውተር ሲቆልፈው፦ የተሳሳትኩባቸውና ኋላ የሠሩልኝ ነገሮች

ይህን የምጽፈው ፎቶው፣ የመመረቂያ ጽሑፉና የሱቁ ሒሳብ ሁሉ አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ላለበት ሰው ነው። ራንሰምዌር ማለት ፋይል ቆልፎ፣ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው። እኛ ቤት የገባው ስቶፕ ወይም ዴጃቩ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚቆልፋቸውን ፋይሎች የስም ቅጥያ እየቀያየረ ሲሠራጭ ኖሯል። ትልልቅ ድርጅቶችን የሚያጠቁ ቡድኖች በሚሊዮን ዶላር ይደራደራሉ፤ ይኼኛው ግን ዒላማው ቤቱ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው ነው። በብዛት የሚገባውም በአንድ በር ነው፦ በክራክ።

ክራክ ስል ሁላችንም የምናውቀውን ማለቴ ነው። ዊንዶውስን ወይም ኦፊስን ሳይከፈልበት አክቲቬት የሚያደርግ ፕሮግራም፣ የፎቶሾፕ ቁልፍ ማመንጫ፣ የተከፈተ ጌም። እኔ ያወረድኩት የቪዲዮ ማቀናበሪያ ክራክ ነበር። ፋይሉ በዚፕ ታሽጎ፣ በፓስወርድ ተቆልፎ መጣ፤ ፓስወርዱ 1234 እንደሆነ እዚያው ገጹ ላይ ተጽፏል። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ለማቆም ግን ይህ ብቻውን በቂ ምልክት ነበር። ለሁሉም ሰው በይፋ የሚነገር ፓስወርድ ከማንም ሰው አይደብቅም፤ የሚደብቀው ከብሮውዘሩና ከአንቲቫይረሱ ነው። ዚፑ ተቆልፎ ሲመጣ ውስጡን መርምረው ሊይዙት አይችሉም።

አብሮት የነበረው የጽሑፍ መመሪያ ደግሞ፣ ከመጫናችሁ በፊት አንቲቫይረስ አጥፉ፣ ክራክ ስለሆነ በስህተት ቫይረስ ይለዋል፣ ይላል። አጠፋሁት። ከሁሉም የከፋው ስህተቴ ይህ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ ነገሩን ለይቶት ማስጠንቀቂያውን ሁለት ጊዜ አሳይቶኝ ነበር። አንቲቫይረስ አንዳንዱን ክራክ ቫይረስ ባይኖርበትም ስለሚይዘው፣ ሰዉ ማስጠንቀቂያውን ማለፍ ለምዷል። የቫይረሱ ሠሪዎች እንጀራቸውን የሚበሉት በዚህ ልማድ ነው። አንድ ፕሮግራም ለመጫን አንቲቫይረስ ማጥፋት ግድ ከሆነ ፕሮግራሙ ይቅርባችሁ።

ሁለት ጊዜ ስጫነው ምንም አልተከፈተም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ክራኩ አልሠራም" ብሎ ሌላ ፍለጋ ይሄዳል፤ እኔም እንደዚያው። ሥራው ግን ተጀምሯል፣ መጀመሪያ የሚገባውም ሌባው ነው። ዴጃቩ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ ቀደም ሲል አዞሩልት፣ በኋላም ቪዳርና ሬድላይን የተባሉ መረጃ ሰራቂዎችን አስከትሎ ያስገባል። እነዚህ ብሮውዘር ላይ ያስቀመጥነውን ፓስወርድ፣ የገባንባቸውን ገጾች ኩኪ (ገጹ በየጊዜው ፓስወርድ እንዳይጠይቀን የሚያስታውስበትን ፋይል)፣ ዴስክቶፕ ላይ ያሉ የጽሑፍ ፋይሎችንና የቴሌግራም ዴስክቶፕን ፎልደር ጠቅልለው በደቂቃዎች ውስጥ ይልካሉ። የሬድላይን ሰርቨሮች በኦክቶበር 2024 በኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ በኤፍቢአይና በሌሎች አገሮች ፖሊሶች ዘመቻ ተይዘዋል፤ ተመሳሳዮቹ ግን ዛሬም ይሸጣሉ።

ቀጥሎ ቆላፊው ይነሣል። ስክሪኑ ላይ የዊንዶውስ አፕዴት የሚመስል ትንሽ መስኮት ወጥቶ ፐርሰንት ይቆጥራል። ኮምፒውተሩ ይንቀረፈፋል፣ የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ ይርገበገባል። መስኮቱ የሚወጣው "አፕዴት እያደረገ ነው፣ ልጠብቀው" እንድትሉ ነው፤ ጠበቅኩት። እውነተኛው አፕዴት የሚታየው ሴቲንግስ ውስጥ ነው፣ አለዚያም ኮምፒውተሩ ሲጠፋና ሲነሣ ሙሉውን ስክሪን ይዞ ነው። ራሱን ችሎ ዴስክቶፕ ላይ በትንሽ መስኮት አይቆጥርም።

እንዲህ ያለ መስኮት ካያችሁ፣ ወይም የፋይሎቻችሁ ስም መጨረሻ ላይ የማታውቁት አራት ፊደል ከተጨመረ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት። በደንቡ እስኪዘጋ አትጠብቁ። ቆላፊው የሚሄደው ፋይል በፋይል ስለሆነ ያልደረሰበት ይተርፋል። ከጠፋ በኋላ ደግሞ መልሳችሁ አታብሩት። ዴጃቩ ታስክ ስኬጁለር (ፕሮግራሞችን በሰዓታቸው የሚያስነሣው የዊንዶውስ ክፍል) ውስጥ ራሱን አስመዝግቦ በየ5 ደቂቃው እየተነሣ አዲስ ፋይል ይፈልጋል።

ይህን ባለማወቄ ሁለተኛውን ትልቅ ስህተት ሠራሁ። የተረፈውን ለመገልበጥ ብዬ ኮምፒውተሩን አበራሁና የዓመታት የቤተሰብ ፎቶ ያለበትን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰካሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እሱም ተቆለፈ። ባክአፑ የጠፋው በመጀመሪያው ጥቃት አልነበረም፤ ላድን ስሯሯጥ ነው። ትክክለኛው መንገድ ዲስኩን ከላፕቶፑ አስፈትቶ፣ በዩኤስቢ መያዣ አድርጎ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ነው፤ ከእሱ ላይ ግን አንድም ፕሮግራም አትክፈቱ። ዲስክ መፍታት የማይቻል ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ ሊነክስ (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር የሚያስነሣ ሲስተም) በፍላሽ አዘጋጁና ላፕቶፑን በዚያ ፍላሽ አስነሡት። የዊንዶውስ ቫይረስ ሊነክስ ላይ ስለማይነሣ ያልተቆለፈውን በሰላም መገልበጥ ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ስህተት የፓስወርዱ ነው፤ ከፋይሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ይመስለኛል። ሐሳቤ ሁሉ የተቆለፈው ፋይል ላይ ስለነበር የተሰረቀውን ዘነጋሁት። ከሁለት ቀን በኋላ በእኔ ቴሌግራም ለወዳጅ ዘመድ "ትንሽ ብር ላክልኝ፣ ነገ እመልስልሃለሁ" የሚል መልእክት ተላከ። ደንግጬ ፓስወርድ የቀየርኩት ደግሞ በዚያው በተበከለው ኮምፒውተር ነው፤ አዲሱን ፓስወርድ እንደገና ለሌባው እንደመስጠት ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁሉንም ከስልካችሁ ወይም ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ሥሩ። መጀመሪያ ኢሜይሉን ያዙ፤ የሌላው አካውንት ሁሉ ፓስወርድ የሚታደሰው በእሱ በኩል ነውና። ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም። ሌባው ኩኪውን ከወሰደ ፓስወርድም ሆነ የኤስኤምኤስ ኮድ ሳይጠየቅ ሊገባ ስለሚችል፣ አካውንታችሁ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ከፍታችሁ ሁሉንም አስወጡ። ኢሜይል ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ተመልከቱ፦ መልእክታችሁን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ፎርዋርዲንግ ወይም ፊልተር ተደርጎ እንደሆነ። ሌባው ከወጣም በኋላ ደብዳቤያችሁን ማንበብ የሚቀጥለው በዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ግቡና ከያዛችሁት ስልክ በቀር ያለውን ሁሉ አስወጡ። ይህን የምታደርጉት ቆየት ብሎ ከተከፈተ ስልክ ይሁን፤ አዲስ የተከፈተ ቴሌግራም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሌሎቹን እንዲያስወጣ አይፈቀድለትም። ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽንን (ከኤስኤምኤስ ኮዱ በላይ የሚጠየቀውን ፓስወርድ) አብሩ። ባንክና የሞባይል ገንዘብ ቀጥሎ፣ ፌስቡክና የቀረው በኋላ ይደርሳል።

ወደ ተቆለፈው ፋይል ልመለስ። በየፎልደሩ ሪድሚ የሚል የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። 980 ዶላር ይጠይቃል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሚጽፍለት በግማሽ ቀንሶ 490 ያደርገዋል። አንድ ፋይል በነጻ ከፍቶ እንደሚያሳይም ቃል ይገባል። የ72 ሰዓቱ ሩጫ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ሰው ሳያማክርና ሳያጣራ እንዲከፍል። ገንዘቡ በክሪፕቶ ስለሚላክ ከከፈላችሁ በኋላ ቁልፉ ባይመጣ የምትከሱት ሰው የለም። አልከፈልኩም፣ ማንም እንዲከፍል አልመክርም።

ከመክፈልም ከፎርማትም በፊት የሚሠራ ነገር አለ። ጥገና ቤት ስትወስዱት የመጀመሪያው መልስ "ፎርማት ይደረግ" ነው። የተቆለፉትን ፋይሎች፣ ሪድሚውንና ሲ ድራይቭ ላይ ሲስተምአይዲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ፐርሰናል አይዲ (ቫይረሱ ለእናንተ የሰጠውን መለያ) ሳትይዙ ፎርማት አታስደርጉ። ከዚያ አይዲ ራንሰምዌር በሚባለው ነጻ አገልግሎት ላይ ሪድሚውንና አንድ የተቆለፈ ፋይል አስገቡ፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይነግራችኋል። ኖ ሞር ራንሰምም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የኔዘርላንድስ ፖሊስና ዩሮፖል ከደኅንነት ኩባንያዎች ጋር ያቋቋሙት ሲሆን መፍቻዎችን በነጻ ይሰጣል።

በአዲሶቹ የዴጃቩ ስሪቶች ሁሉ ነገር የሚወሰነው በፐርሰናል አይዲው መጨረሻ ነው። ቫይረሱ ሲነሣ በኢንተርኔት ከጌቶቹ ሰርቨር ለእናንተ ብቻ የተሠራ ቁልፍ ያመጣል። ሰርቨሩን ካላገኘ ግን ውስጡ ይዞት በመጣው ቁልፍ ይቆልፋል፤ ያ ቁልፍ በዚያው ስሪት ለተጠቁትና ሰርቨር ላልተገኘላቸው ሁሉ አንድ ነው። አይዲው በቲ1 (t1) የሚያልቅ ከሆነ የተቆለፈው በዚህ በጋራው ቁልፍ ነው፣ ተስፋ አለ ማለት ነው። ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ በኦክቶበር 2019 ያወጣው ነጻ መፍቻ እንዲህ ያሉትን፣ ቁልፋቸው ከተገኘ፣ ይፈታል። የዳታ ጥቅሉ አልቆ ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ሳለ የተጠቃ ሰው ከእኔ የተሻለ ዕድል አለው። እኔ ዋይፋይ ላይ ነበርኩ፤ አይዲዬ በቲ1 አላለቀም።

መፍቻ ስትፈልጉ እጅግ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዴጃቩ መፍቻ ነኝ እያለ የተሠራጨ ዞራብ የተባለ ፕሮግራም ነበር፤ የተጨነቀው ሰው ሲከፍተው የተቆለፈውን ፋይል በላዩ ላይ እንደገና ይቆልፈዋል። በቪዲዮና በቴሌግራም ቻናል "ሁሉንም እንፈታለን" የሚሉም አሉ። በአዲሶቹ ስሪቶች ቁልፉ ከሰርቨር የመጣ ከሆነ ያለ ቁልፉ የሚፈታ ሰው የለም፤ ቀብድ አትስጡ። ሌላ የሚያደናግር ነገር፦ ቫይረሱ ዊንዶውስ ውስጥ ሆስትስ የሚባለውን ፋይል ስለሚቀይር የአንቲቫይረስ ኩባንያዎች ገጾች አይከፈቱም። ኢንተርኔቱ ተበላሸ ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ፤ ከስልክ ሞክሩ።

ባልጠበቅኩት መንገድ ያተረፍኩት ነገርም አለ። ዴጃቩ ለመፍጠን ሲል ከእያንዳንዱ ፋይል የሚቆልፈው መጀመሪያ ያለውን 150 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው። ትንሽ ሰነድና ትንሽ ፎቶ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ትልቅ ቪዲዮ ወይም የድምፅ ቅጂ ግን አካሉ ደኅና ስለሆነ በመጠገኛ ፕሮግራም ይነሣል፤ ለቪዲዮው በዚያው ስልክ ወይም ካሜራ የተቀረጸ ሌላ ጤነኛ ቪዲዮ ለናሙና ያስፈልጋል። ብዙ ፋይል የያዘ ትልቅ ዚፕ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሄደው የቀሩት ይወጣሉ። የሠርግ ቪዲዮ ያተረፍኩት እንዲህ ነው። ፎቶ ደግሞ ከዲስክ ውጭ ፈልጉ፦ በቴሌግራም የላካችኋቸው፣ ውጭ አገር ላለ ዘመድ የሄዱት፣ አሮጌ ስልክ ሚሞሪ ላይ የቀሩት። ቁጭ ብዬ ሳሰባስብ ካሰብኩት በላይ አገኘሁ።

ማጽዳቱን በስካን ብቻ አትጨርሱ። ሌባና ቆላፊ አብረው የገቡበት ኮምፒውተር ንጹሕ ዊንዶውስ ይፈልጋል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከማይክሮሶፍት ገጽ የመጫኛውን መሣሪያ አውርዱ፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ አዘጋጁ፣ ስትጭኑም የዲስኩን ክፍሎች በሙሉ አጥፍታችሁ ከባዶ ጀምሩ። ጥገና ቤት የሚጭንላችሁ ከሆነ ምን እንደሚጭን ጠይቁ። በተነካካ ዊንዶውስና በአክቲቬተር ከሞላው ወደ መጀመሪያው በር ተመለሳችሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከፋብሪካው ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የተሸጡ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ያሉ ላፕቶፖች ፈቃዳቸውን ማዘርቦርዱ ላይ ይዘዋል፤ የዚያኑ ዓይነት ዊንዶውስ ስትጭኑና ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ፈቃድ ባይኖረውም እንኳ አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ ስክሪን ጥግ ላይ ጽሑፍ ያሳያል፣ የጀርባ ሥዕል አያስቀይርም እንጂ የደኅንነት አፕዴት ያገኛል። ለኦፊስ ሊብሬኦፊስ፣ ለቪዲዮ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻው ስሪት፣ ለፎቶ ጊምፕ አሉ። ያን ክራክ ያወረድኩት በነጻ ሊሠራ ለሚችል ሥራ ነበር።

አሁን ቤታችን ያለውን ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት ባክአፕ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢከሽፍ የሚያተርፈው እሱ ነው። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ አለን። አንዱ ቤት፣ ሌላው ዘመድ ቤት ይቀመጣል፤ በየወሩ ይቀያየራሉ። ዲስኩ የሚሰካው ለመገልበጥ ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ይነቀላል። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ለራንሰምዌር ሌላ ፎልደር ነው እንጂ ባክአፕ አይደለም። አንገብጋቢ የሆነው ሰነድ ጉግል ድራይቭ ላይም አለ፤ 15 ጊጋባይቱ በነጻ ነው። ድራይቭ የተቆለፈውንም ፋይል ተከትሎ ሊጭነው ይችላል፣ ግን የቀድሞውን ቅጂ ለ30 ቀን ያህል ስለሚያቆይ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። በየጊዜው ደግሞ ከባክአፑ ላይ ጥቂት ፋይል ከፍቼ አያለሁ፤ ሳይከፈት የተቀመጠ ባክአፕ መኖሩ አይታወቅም።

ቀጥሎ ዲፌንደር። ለቤት ይበቃል፣ ተጨማሪ አንቲቫይረስ አልገዛሁም። ግን ተዘግቶ የሚመጣ አንድ ጥበቃ አለው። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ግቡ፣ ታች ማኔጅ ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን የሚለውን ተጫኑና ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስን አብሩት። የማይታወቅ ፕሮግራም ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስና ቪዲዮስ ውስጥ ያለ ፋይል እንዳይነካ ይከለክላል። ፋይላችሁ ዲ ድራይቭ ላይ ከሆነ ፎልደሩን ራሳችሁ ጨምሩ፤ ካልጨመራችሁ አይጠበቅም። አንዳንድ ጊዜ ጤነኛ ፕሮግራም ፋይል ማስቀመጥ ሲያቅተው ታያላችሁ፤ ያን ፕሮግራም ብቻ ፍቀዱለት፣ ጥበቃውን አታጥፉት። ሌላ አንቲቫይረስ ከጫናችሁ ይህ አይሠራም።

አፕዴት ላይ በእኛ አገር የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። በስልክ ሆትስፖት የምንጠቀም ሰዎች ዳታ እንዳይበላ ግንኙነቱን ሚተርድ (ዳታው በልክ የሆነ) ብለን እናስቀምጠዋለን፤ ያኔ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት ማውረድ ያቆማል። ወራት ያልፋሉ። በወር አንድ ጊዜ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ውሰዱት ወይም ዳታ ሲረክስ ሚተርዱን አንሡ። ከማይክሮሶፍት የሚመጣው የወሩ ዋና የደኅንነት አፕዴት የሚወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ባለው ሳምንት ብታደርጉት ጥሩ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ እሱ ላይ ያላችሁ ወደ 11 ተሻገሩ፣ ኮምፒውተሩ ካልቻለ ሊነክስን አስቡበት።

ልጆችም እኛም በየቀኑ የምንጠቀመው በስታንዳርድ አካውንት (ሲስተሙን መቀየር በማይችል መግቢያ) ነው፤ አድሚኑ ለብቻው ፓስወርድ አለው። ይህ የራሳችሁን ፋይል ከመቆለፍ አያድንም። ቫይረሱ ግን ዊንዶውስ ወደ ኋላ ለመመለሻ በድብቅ የሚያስቀምጣቸውን ቅጂዎች እንዳያጠፋና ሆስትስን እንዳይቀይር ያግደዋል። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው ከሚለው ገብታችሁ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽን እንዲታይ አድርጉ፤ የፒዲኤፍ ምልክት ለብሶ ስሙ ግን በኢኤክስኢ የሚያልቅ ፋይል ዶክዩመንት ሳይሆን ፕሮግራም መሆኑን የምታውቁት ያኔ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት የገባ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመለሰው ሾርትከት ቫይረስ ነው። ፋይሉ የጠፋ ይመስላል፤ በቦታው የፎልደር ሾርትከት ይቀመጣል፣ እሱን ስትጫኑ ቫይረሱ ይነሣል። ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ አልጠፉም። ሾርትከቱን ሳትነኩ በዲፌንደር ስካን አድርጉ፣ ከዚያ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ አድርጋችሁ ሰነዱን ብቻ ገልብጡ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ። ከዚህ ሁሉ ግን የሚታተመውን በኢሜይል መላክ ይቀላል፤ እሱ ካልሆነ ሌላ ምንም የሌለበት ፍላሽ ያዙ።

ፓስወርዶቻችን ከብሮውዘር ወጥተው ቢትዋርደን በተባለ የፓስወርድ ማስቀመጫ ፕሮግራም ውስጥ ገብተዋል። ብሮውዘሩ ላይ ለየገጹ ተፈቅዶ የነበረው ኖቲፊኬሽን ሁሉ ተነሥቷል፤ "ኮምፒውተርዎ 5 ቫይረስ አለበት" እያለ በስክሪን ጥግ ብቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን "አላው" ብላችሁ የፈቀዳችሁለት ገጽ ነው። የራውተሩ መግቢያ ፓስወርድም ከፋብሪካ ከመጣው ተቀይሯል።

የተቆለፈው አሮጌ ዲስክ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ላዩ ላይ ፐርሰናል አይዲውንና የተቆለፈበትን ቀን ጽፌያለሁ። ሌሎች ራንሰምዌሮች ቁልፋቸው ከዓመታት በኋላ ሲወጣ ታይቷል። በዓመት ሁለት ጊዜ ኖ ሞር ራንሰም ላይ ገብቼ አዲስ መፍቻ መጥቶ እንደሆነ አያለሁ፤ እናንተም ቦታ ያዘ ብላችሁ አትጣሉት።